መልእክት ገንዘብ አይደለም

የማስገር ጥቃት፣ በተለመደው የውጭ ስሙ ፊሺንግ፣ አጭበርባሪው የታወቀ ተቋምን ወይም የቅርብ ሰውን መስሎ በኢሜይል፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በስልክ ጥሪ ወይም አስመስሎ በሠራው ድረ ገጽ እየቀረበ፣ ባለ ሂሳቡ የሚስጥር ቁጥሩን በገዛ አንደበቱ እንዲናገር ወይም ገንዘቡን በገዛ እጁ እንዲልክ የሚያደርግበት የማታለል ስልት ነው። ከሌሎች የኮምፒውተር ወንጀሎች የሚለየው ብዙውን ጊዜ የባንኩን ሥርዓት የማይነካ በመሆኑ ነው፤ የባንኩ ኮምፒውተር ትክክለኛ የሚስጥር ቁጥር ከትክክለኛ የስልክ ቁጥር ጋር ሲደርሰው ትእዛዙን የባለቤቱ ትእዛዝ አድርጎ ከመፈጸም በቀር ሌላ ምርጫ የለውም።

ይህ ልዩነት ከአንድ የባንክ ክስተት ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩ ኋላ እንደገለጸው 801 ሚሊዮን ብር ያህል በዚህ መንገድ ተንቀሳቅሷል፣ ክስተቱም የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ጥፋቱ የተፈጠረው በተቋሙ ሥርዓት ውስጥ ስለነበረና እያንዳንዱ ዝውውር በታወቀ ሂሳብና በታወቀ ስም ስለተፈጸመ፣ ባንኩ የወሳጆቹን ዝርዝር አውጥቶ አብዛኛውን ገንዘብ ለማስመለስ በቅቷል። በማስገር ጥቃት የተወሰደ ገንዘብ ግን በሥርዓቱ መዝገብ ላይ ባለቤቱ ወዶና ፈቅዶ የላከው ሆኖ ይታያል፤ የተላከበትም ሂሳብ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ነው፣ ገንዘቡም በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ ያልቃል። የመከላከያው ዋና ምሽግ ባለ ሂሳቡ ራሱ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስልቱ በስም ተለይቶ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ደንበኞች የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ ከሚል ሰው «የይለፍ ቃልዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት መቀበል በጀመሩበት ወቅት ነው። እንዲህ በቀላሉ እንዲስፋፋ ያደረገው የኢሜይል ሥርዓት ራሱ የተሠራበት መንገድ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ ጥቂት የሚተዋወቁ የምርምር ተቋማትን ለማገናኘት የታሰበ ስለነበር፣ ላኪው በመልእክቱ ራስጌ ላይ የፈለገውን ስም ቢጽፍ «አንተ በእርግጥ እሱ ነህን?» ብሎ የሚጠይቅ አካል አላካተተም። የላኪን ማንነት የሚፈትሹ ተጨማሪ ሥርዓቶች ከጊዜ በኋላ ቢፈለሰፉም፣ በስልክ መስኮት ላይ በጉልህ የሚታየው የላኪ ስም ዛሬም ላኪው ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ ነው፤ እውነተኛው አድራሻ የሚታየው ስሙን ነክቶ ዝርዝሩን ለሚከፍት ሰው ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን አብዛኛው ሕዝብ ወደ ዲጂታል ገንዘብ የገባው በኢሜይል በኩል አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀምር፣ የሳፋሪኮም ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲከተል፣ የባንክ ደብተር ይዞ የማያውቅ ብዙ ሰው ኮምፒውተር ሳይነካ ስልኩን የገንዘብ ቦርሳ አድርጎታል። ስለዚህም በሌላው ዓለም በኢሜይል የጀመረው ማጭበርበር እዚህ በአብዛኛው በቴክስት፣ በስልክ ጥሪና በቴሌግራም ይመጣል። በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ዞን ደጋና ቆላ ይህ ይበልጥ እውነት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት አካባቢው የስልክም የባንክም አገልግሎት ተቋርጦበት የከረመ ሲሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት ከዞኑ ዋና ከተማ ከሰቆጣ እስከ ዝቋላ ወረዳ ዋና ከተማ ጽጽቃ ድረስ ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል አስተማማኝ ሆኖ የተገኘው፣ ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው፣ በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚጠናቀቀው የአጭር ቁጥር አገልግሎት ነው፤ ለቴሌብር *127#፣ ለሲቢኢ ብር *847#፣ ለንግድ ባንክ የሞባይል ባንኪንግ *889# ማለት ነው። በዚህ አሠራር የዝውውሩ ምስክር ሆኖ የሚቀርበው አንድ የቴክስት መልእክት ነው፤ አጭበርባሪውም ትኩረቱን በዚያው መልእክት ላይ አድርጓል።

በጣም የተለመደው ዘዴ የሐሰት ገቢ መልእክት ነው። አጭበርባሪው «የተከበሩ ደንበኛችን፣ በሂሳብዎ 5,000 ብር ገቢ ሆኗል» የሚል፣ የዝውውር ቁጥርና ቀሪ ሂሳብ የተጻፈበት፣ ከእውነተኛው ቃል በቃል የተቀዳ መልእክት ይልካል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ስልክ ይደወላል፤ ድምፁ ትሑትና የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነው፤ «አባባ፣ ለእናቴ ማሳከሚያ የላክሁት ብር በስህተት እርስዎ ጋ ገብቷል፣ እባክዎ ይመልሱልኝ፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ነው ያለሁት» ይላል። የሰው ገንዘብ መብላት ነውርም ኃጢአትም መሆኑን አምኖ የኖረ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ የሚሯሯጠው ለመመለስ ነው፤ የሚመልሰው ግን ያልመጣ ገንዘብ ነው፣ የሚሄደውም ፍየል ሸጦ ያስቀመጠው የራሱ ብር ነው። ይህ ማጭበርበር የሚበላው ስግብግቡን ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ስህተት መሆኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ይህኛው ወጥመድ ሐቀኝነት ላይ የተዘረጋ ነው።

መልእክቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። እውነተኛው የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፣ የንግድ ባንክም በባንኩ ምህጻረ ስም ይመጣል፤ የሐሰቱ ብዙውን ጊዜ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ስልክ ቁጥር ይላካል፤ በጽሑፉ ውስጥ «ቴሌብር» የሚል ቃል በመኖሩ ብቻ አንባቢው የላኪውን ቁጥር ሳያይ ያልፋል። ይሁንና የላኪውን ስም ማየት በቂ መከላከያ አይደለም፤ በፊደል የሚጻፍ የላኪ ስምን አስመስሎ መላክ በቴክኒክ የሚቻል ነገር ስለሆነና በሌሎች አገሮችም ስለተፈጸመ፣ እንዲህ ያለው መልእክት ከእውነተኞቹ ጋር በአንድ ዝርዝር ተሰልፎ ሊታይ ይችላል። የማያዳግም ፍተሻ አንድ ብቻ ነው፤ መልእክቱን ትቶ ሂሳቡን መጠየቅ። *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብን ያየ ሰው ገንዘቡ መግባት አለመግባቱን ከምንጩ ያውቃል፤ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ እስኪመጣ ይቆያል፣ የደዋዩም እናት ታማለች መባሉ ይህን አይለውጠውም።

ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝስ? በዚህም ጊዜ ለደዋዩ መልሶ መላክ አይገባም። የገባው ገንዘብ ከሌላ ተጭበርባሪ የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል፣ ተቀባዩ ለደዋዩ ሲልክ ሳያውቀው የተሰረቀ ብር አሸጋጋሪ ይሆናል፤ ኋላ ፖሊስ የገንዘቡን መንገድ ሲከተል የሚያገኘውም የእሱን ስም ነው። በስህተት የተላከ ገንዘብ የሚመለሰው ላኪው ለተቋሙ አመልክቶ፣ ተቋሙም አረጋግጦ ሲመልሰው ነውና፣ ተቀባዩ ለ127 ወይም ለንግድ ባንክ 951 ደውሎ ማሳወቁ ይበቃዋል። ሐቀኝነቱም በዚህ ይፈጸማል።

ገንዘብን መርምሮ መቀበል ለዋግ አዲስ ነገር አይደለም። ሰቆጣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚገበያይባት የታወቀች ከተማ በነበረችባቸው ዘመናት፣ ነጋዴው አሞሌውን አንስቶ ጠርዙ አለመሸረፉን ያይ ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ብርም በኢትዮጵያ ገበያ ሲዘዋወር በነበረበት ጊዜ ተቀባዩ በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ባለው ማያያዣ ያሉትን የዕንቁ ፈርጦች መርምሮ፣ ጎደለ ያለውን ይመልስ ነበር። የዛሬው ችግር ይህ የዐይንና የእጅ ፍተሻ በስልክ መስኮት ላይ ለሚታይ ነገር የማይሠራ መሆኑ ነው። አሞሌው ራሱ ዋጋው ነበር፤ መልእክቱ ግን ሌላ ቦታ ስላለ ገንዘብ የሚያወራ ወሬ ነው፣ ወሬውም የቱንም ያህል ቢያምር ወሬ ነው። የሰቆጣ ነጭ ማር ነጋዴ፣ ከሩቅ ከተማ የመጣ ገዥ የንግድ ባንክ ደረሰኝ ስክሪንሹት በስልኩ ሲያሳየው፣ ምስሉን ማየቱ ምንም ዋጋ የለውም፤ ስምና መጠን በምስል ላይ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነውና። እውነተኛ ዝውውር በላቲን ፊደላት ኤፍና ቲ የሚጀምር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ባንኩም ደረሰኙን በዚያ ቁጥር የሚያሳይ የራሱ ገጽ አለው፤ ከሁሉ የሚቀለው ግን ማሩን ከማስረከብ በፊት የራስን ሂሳብ መመልከት ነው። «ኔትወርክ ዘግይቶ ነው፣ አሁን ይደርስሃል» የሚለው ቃል በአካባቢው እውነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ለአጭበርባሪውም ከሁሉ የተመቸ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትልቅ በር የአንድ ጊዜ ኮድ ነው። ይህ ኮድ፣ በሥራ ላይ ኦቲፒ የሚባለው፣ አንድ ሰው ወደ ሂሳቡ ከአዲስ ስልክ ሲገባ ወይም የይለፍ ቃል ሲቀይር፣ በእርግጥ ባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ሥርዓቱ በተመዘገበው ስልክ የሚልከው፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ነው። አጭበርባሪው የሚያውቀው የስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው፤ በራሱ ስልክ መተግበሪያውን ከፍቶ የተጭበርባሪውን ቁጥር ያስገባል፣ ኮዱም ወደ ባለቤቱ ስልክ ይሄዳል፣ በዚያው ቅጽበት «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልን» ብሎ ይደውላል። ስለዚህ ባለቤቱ ምንም ሳይጠይቅ ኮድ ከደረሰው፣ ያ ኮድ ራሱ ሌላ ሰው በሩን እየገፋ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። እውነተኛ የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ ይህን ቁጥር የሚጠይቅበት አንዳችም ሥራ የለውም፤ ሥርዓቱ ኮዱን የሚያውቀው ራሱ ስለላከው ነው። በተመሳሳይ መንገድ አንዳንዱ ደዋይ በኮከብ 21 ኮከብ የሚጀምር ቁጥር እንዲደወል ይጠይቃል፤ ይህ ትእዛዝ ወደ ስልኩ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደ ሌላ ስልክ የሚያዞር ስለሆነ፣ በጥሪ የሚነገር ኮድም ወደ አጭበርባሪው ይሄዳል።

የቴሌግራም አካውንት ነጠቃም የሚሠራው በዚሁ ኮድ ነው። ከሚታወቅ ሰው «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ከማስፈንጠሪያ ጋር ይመጣል፤ ማስፈንጠሪያው፣ ማለትም ሲነኩት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደው ጽሑፍ፣ ስልክ ቁጥርና ኮድ ወደሚጠይቅ ሐሰተኛ ገጽ ያደርሳል፤ ኮዱን ያስገባ ሰው አካውንቱን ያስረክባል። ከዚያ በኋላ አጭበርባሪው በተነጠቀው ስም ለዘመድ አዝማዱ «ቸግሮኛል፣ እስከ ነገ ይህን ያህል ላክልኝ» እያለ ይጽፋል። ውጭ አገር ያለ የዋግ ተወላጅ ከወንድሙ አካውንት እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው፣ የሚያምነው ስምና ፎቶ ስላየ ነው፤ ደውሎ ድምፁን ቢሰማ ኖሮ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ባበቃ ነበር። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ ሰው፣ ኮዱ ቢወሰድበት እንኳ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ስለሚጠየቅ፣ አካውንቱ በቀላሉ አይነጠቅም።

ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጾች ሲመጣ፣ ከሁሉ የሚበልጠው እውቀት አድራሻን ማንበብ መቻል ነው፤ ይህም እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። የድረ ገጽ ባለቤት የሚታወቀው ከአድራሻው መጀመሪያ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ነጠላ ያዘመመ መስመር (/) በስተግራ ካሉት የመጨረሻ ቃላት ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ገጽ «ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ» በሚል ያበቃል፤ «ኢቲ» የኢትዮጵያ የአገር መለያ ነው። አጭበርባሪ ለምሳሌ «ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ ነጥብ ስጦታ ነጥብ ኮም» ብሎ አድራሻ ቢሠራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ የለመደ ዐይን የመጀመሪያዎቹን ቃላት አይቶ ያምናል፤ የገጹ ባለቤት ግን «ስጦታ ነጥብ ኮም» የተባለው ነው፣ ከፊቱ ያለው ሁሉ ባለቤቱ እንደወደደ የሚጨምረው ጌጥ ነው። ስለዚህ አድራሻ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል።

ከዚህ የረቀቀው የፊደል ማመሳሰል ነው። በላቲን ትንንሽ ፊደላት አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ፣ ትንሿ ኤል ደግሞ ከቁጥር 1 አትለይም። አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ «ሰቆጣ» እና «ሠቆጣ» ለእሱ አንድ ከተማ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ስሞች ናቸው፤ አንዱን እውነተኛው ተቋም፣ ሌላውን አጭበርባሪው ሊያስመዘግበው ይችላል። ዐይን ይቅር የሚለውን ልዩነት ማሽን ይቅር አይልም። በዚህ ምክንያት የገንዘብ ተቋምን ገጽ በተላከ ማስፈንጠሪያ መክፈት አይገባም፤ አድራሻውን በራስ እጅ መጻፍ ወይም መተግበሪያውን በቀጥታ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ማውረድ ይገባል። በቴሌግራም ቻናል «አዲሱ የባንክ መተግበሪያ» ተብሎ የሚላክ ፋይል፣ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ለሌላ ሰው ሊያስረክብ የሚችል ነገር ነው።

በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት ሰዎችን ለረጅም ጊዜ አሳስቷል። ምልክቱ በስልኩና በገጹ መካከል ያለው ንግግር በምስጢር ተቆልፎ ይጓዛል ይላል እንጂ ገጹ ታማኝ ነው አይልም፤ ይህን ምልክት የሚያስገኘውን የምስክር ወረቀት ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማግኘት ስለሚችል ሐሰተኛ ገጾችም ቁልፉን ይዘው ይታያሉ። ጎግል ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክሮም ብራውዘሩን የቁልፍ ምልክት በሌላ የተካው ይኸው የተሳሳተ እምነት ሥር ስለሰደደ ነው።

ኢሜይል በኢትዮጵያ ከቴክስት ያነሰ ተጠቃሚ ቢኖረውም፣ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከባድ ነው፤ በኢሜይል የሚመጣው ማጭበርበር ብዙውን ጊዜ የዲቪ ሎተሪ፣ የውጭ የትምህርት ዕድል ወይም የሥራ ቅጥር ስለሚመስል ተጭበርባሪው ወጣቱ ነው። የዲቪ አሠራር ለዓመታት አንድ ግልጽ ደንብ ነበረው፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «አሸንፈሃል» ብሎ ኢሜይል አይልክም ነበር፣ አመልካቹ ራሱ በምዝገባ ጊዜ የተሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥር ይዞ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ይፈትሽ ነበር፣ የቪዛውም ክፍያ የሚፈጸመው በቃለ መጠይቁ ዕለት በኤምባሲው ነበር። እንግዲህ «ዕጣ ደርሶሃል፣ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ዶላር አስቀድመህ ላክ» የሚል ኢሜይል ሁሉ ሐሰት መሆኑ ሳይከፈት ይታወቃል። ከዚህ የማይተናነስ አደጋ ያለው በኢንተርኔት ቤት ነው፤ ፎርሙን የሚሞላው ሰው በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦ የማረጋገጫ ቁጥሩን ከያዘ፣ ዕድሉ ቢወጣ ባለ ዕድሉን ሊደራደር የሚችልበት ሥልጣን በእጁ ይገባል። ቁጥሩን አሳትሞ ቤት ማስቀመጥ የአመልካቹ ኃላፊነት ነው።

የኢሜይል ማስገር ገንዘብን ብቻ አይሻም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱም መካከል የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበሩት ጃዋር መሐመድ፣ ቪዲዮ የሚያሳይ መስሎ ወደተሠራ ገጽ የሚወስድ ኢሜይል እንደደረሳቸው፣ ገጹም ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ማጫወቻን ማደስ ያስፈልጋል በማለት የስለላ ሶፍትዌር ሊያስጭን እንደነበረ አሳይቷል፤ ጥናቱ ጥቃቱን ከኢትዮጵያ መንግሥት አካላት ጋር አያይዞታል። የተጠቀሙበት ነገር ፖለቲካ ይሁን እንጂ ስልቱ ከሽልማት ቴክስቱ የተለየ አይደለም፤ ተቀባዩ ሊያየው የሚጓጓለትን ነገር ፊቱ ማስቀመጥና መንገዱ ላይ አንድ ትንሽ «እሺ» ማስገባት ነው።

ተቋማትም ከዚህ አያመልጡም። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር የተሰረቀው፣ ቀደም ሲል ሥራ ፈላጊ መስሎ ለሠራተኞች በተላከ ኢሜይል በኩል ሌቦቹ ወደ ባንኩ ኔትወርክ ስለገቡ ነበር። ወደ ስሪላንካ ሊያልፍ የነበረ ሌላ 20 ሚሊዮን ዶላር የዳነው፣ ሌቦቹ የተቀባዩን ድርጅት ስም ሲጽፉ ፊደል ገድፈው ጥርጣሬ በመጫራቸው ነው። የፊደል ግድፈት ያኔ አጋልጧል፤ ዛሬ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተስተካከለ አማርኛም እንግሊዝኛም በቅጽበት ስለሚጽፍ፣ «አማርኛው የተበላሸ ነው፣ ስለዚህ ሐሰት ነው» የሚለው የቆየ መለኪያ ከእንግዲህ ብዙ አይታመንም።

ሐሰተኛ የኢንቨስትመንት ገጾች ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል፤ እነዚህ ገንዘቡን በአንድ ቀን አይወስዱም። ማስታወቂያ በማየት ወይም በዲጂታል ገንዘብ ግብይት በየቀኑ ትርፍ ይገኛል ብለው ሰው ያስገባሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ትርፍ በእርግጥ ይከፍላሉ፣ የተከፈለውም ሰው ጎረቤቱንና ዘመዱን ያስገባል፤ ትርፉ ከኋላ ከገቡት ገንዘብ የሚከፈል ስለሆነ አዲስ ገቢ ያነሰ ዕለት ገጹ ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት «ገንዘብዎን ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ይክፈሉ» የሚል የመጨረሻ ጥያቄ ይመጣል። እውነተኛው ሽያጭ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ያካሄደውን የአክሲዮን ሽያጭ መመልከት ይበቃል፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዥ 33 አክሲዮን መሆኑ በይፋ ተነግሮ፣ ግዥው በቴሌብር መተግበሪያ በኩል ብቻ ተከናውኖ፣ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን መግዛታቸው ተገልጿል። ማንም ለማንም የየቀን ትርፍ ቃል አልገባም፣ በማስፈንጠሪያም አልተሸጠም። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጣቸውን አገናኞች ያሳውቃል፤ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ያለ «የኢንቨስትመንት ድርጅት» ገንዘብ ሊሰጠው አይገባም።

እነዚህ ሁሉ ዘዴዎች የሚገናኙበት ቦታ ጥድፊያ ነው። «በ10 ደቂቃ ውስጥ ሂሳብዎ ይዘጋል»፣ «ዕድሉ ዛሬ ያበቃል»፣ «የእርዳታ ምዝገባው ሊዘጋ ነው» የሚሉት ቃላት የተመረጡት የሰው ልጅ ሲጣደፍ የማይፈትሽ ስለሆነ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ድርቅና መፈናቀል ደጋግሞ በጎበኘው እንደ ዋግ ባለ አካባቢ በተለይ የእርዳታ ምዝገባ የሚመስል መልእክት ከባድ ነው፤ የተቸገረ ሰው መዘግየት ያስፈራዋልና። ይሁን እንጂ የሴፍቲኔትም ሆነ የእርዳታ ተጠቃሚ የሚለየው በቀበሌና በወረዳ ነው፤ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር በማስፈንጠሪያ አስገብቶ እርዳታ የሚመዘገብበት መንገድ የለም።

የተጭበረበረ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፤ እፍረት ብዙዎችን ለሰዓታት ዝም ያሰኛቸዋል፣ ገንዘቡም የሚወጣው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ለ127 ወይም ለ951 ወዲያውኑ ደውሎ ሂሳቡን ማሳገድ፣ የሚስጥር ቁጥሩን መቀየር፣ መልእክቱንና የደዋዩን ቁጥር ሳያጠፉ መያዝ፣ ከዚያም ለፖሊስ ማመልከት ተገቢ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 10 አሳሳች የኮምፒውተር መረጃ በማሰራጨት ወይም ማንነቱን አሳስቶ በማቅረብ ሌላውን ሰው በማታለል መብቱን የጎዳን ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችም ወንጀሉን ሲያውቁ የማሳወቅና ለፖሊስ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ በአዋጁ ተጥሎባቸዋል። ስለዚህ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው የሚጠይቀው ውለታ ሳይሆን መብቱን ነው።

ከጥንቃቄ ምክሮች ሁሉ ለዋግ የሚቀርበው ግን ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ነው። ቴሌብር ሲጀመር በአምስት ቋንቋዎች የቀረበ ሲሆን የአካባቢው ቋንቋ ኽምጣና ከእነሱ መካከል አልነበረም። በኽምጣና አፉን የፈታ ሽማግሌ ወይም ባልቴት፣ «ይህን ኮድ ለማንም አይንገሩ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ የሚያነብለት ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ስልኩንም የሚስጥር ቁጥሩንም ለወኪሉ ወይም ለጎረቤት ልጅ አብሮ ይሰጣል፣ ይህም የጥበቃው ሁሉ መሠረት የሆነውን ምስጢር ገና ከመጀመሪያው ያፈርሰዋል። ጥፋቱን በሽማግሌው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም፤ በማይገባው ቋንቋ የተነገረው ማስጠንቀቂያ እንዳልተነገረው ይቆጠራል። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በኽምጣና የሚያሰራጨው ፕሮግራም አለው፣ ባንኮቹና ኢትዮ ቴሌኮምም በሰቆጣ ቅርንጫፍ አላቸው፤ ስለዚህ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች፣ ማለትም የሚስጥር ቁጥርህን ለማንም አትንገር፣ የደረሰህን ኮድ ለማንም አታንብብ፣ መልእክት ሲመጣ ሂሳብህን ራስህ ጠይቅ የሚሉት፣ በገበያ ቀን በኽምጣና ሊነገሩ ይችላሉ፤ ሊነገሩም ይገባል።